የዳርንሊ የአንገት ግንድ

ዳርንሊ በምትባለው ትንሽ የማሳቹሴትስ ከተማ የአምስተኛ ክፍል ልጆች በዓመት አንድ ቀን አገሩ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ወደነበረበት ዘመን ይመለሳሉ። ክሬም ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው ክንዳቸው እስኪዝል ይንጡና ቅቤ ያወጣሉ። ክር በቀለጠ ሰም እየነከሩ ሻማ ይሠራሉ። በዝይ ላባ ስማቸውን ሲጽፉ ከወረቀቱ ይልቅ ሸሚዛቸው ብዙ ቀለም ይጠጣል። መምህርታቸው ሚስ ትሪፕ «ታሪክ በእጅ ካልተነካ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም» ባይ ናት።

ዘንድሮ ጠብ ያመጣው የአንገት ግንዱ ነው። ሦስት ቀዳዳ ያለው፣ ለሁለት የሚከፈት ወፍራም ሳንቃ ሲሆን በመሃሉ አንገት፣ በግራና በቀኙ የእጅ አንጓ ገብቶበት በጓጉንቸር ይቆለፋል። የጥንት ሰዎች ሰካራምና ሐሜተኛ የሚቀጡበት ነው። ያዋሱት የከተማው የታሪክ ማኅበር ሊቀ መንበር ሚስተር ፔልቲየር «ልጅ አያቶቹ እንዴት እንደተቀጡ ይወቅ» ይላሉ። የወላጆቹ ተወካይ ሚስስ ጋርላንድ ደግሞ «ልጄ ይህን ካየ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል» ይላሉ። ልጃቸው በዚያው ጠዋት ሦስት ጊዜ ተሰልፎ አንገቱን አስገብቷል።

ዳይሬክተሩ ሚስተር ኤልስዎርዝ ከሁለቱም ጋር ይስማማሉ። ለአንደኛው «በዓሉ አይነካም»፣ ለሌላኛዋ «የዘንድሮው የመጨረሻው ነው» ብለዋል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ እሳቸው ግን ሹመቱን ካገኙ ጀምሮ ወጥተው ተቀምጠዋል። ከምሳ በኋላ በወላጆች ስብሰባ ፊት ቆመው በዓሉ ይቀጥል ወይም ይቅር ማለት አለባቸው። ቀረ ከተባለ የሚስ ትሪፕ የሥራ ውል አይታደስም። ይህንንም ታውቃለች።

ወላጆቹ ወደ ክፍሉ መግባት ሲጀምሩ ኮልቢ የሚባለው ተማሪ ስልክ ይዞ መጣ። ኮልቢ ባለፈው ወር የመምህራኑን ሽንት ቤት ቁልፍ ቀዳዳ በማስቲካ የደፈነ ልጅ ነው።

«ሚስተር ኤልስዎርዝ፣ አንዴ ገባ ይበሉና ፎቶ ላንሳዎት።»

«ተው ኮልቢ፣ ስብሰባ አለባቸው» አለች ሚስ ትሪፕ።

«ልጆቹ ደስ ካላቸው ምን ችግር አለው» አሉ ዳይሬክተሩ።

ሚስ ትሪፕ ጓጉንቸሩን ከፈተችና ትንሹን የናስ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሞላሰስ ከረሜላው ሳህን አጠገብ አኖረች። ዳይሬክተሩ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ፣ አፋቸውን ሞሉና አጎነበሱ። ኮልቢ ሳንቃውን ከደነ፤ ጓጉንቸሩንም ቀጭ አድርጎ ቆለፈው። ሁሉም ሳቀ፤ ፎቶ ተነሣ።

«ቁልፉስ?» አለች ሚስ ትሪፕ።

ጠረጴዛው ላይ የለም። ሥሩም የለም። ቅቤው ውስጥ ሳይቀር እጅ ገብቶ ተፈለገ።

«ኮልቢ፣ አምጣ።»

«ቲቸር፣ እናቴ ትሙት አልነካሁም።»

እናቱ ከኋላው ቆማ ትሰማ ነበር። ኪሱ ሲገለበጥ የተላመጠ ማስቲካ፣ ግማሽ ሻማና የደረቀ ጥንዚዛ ወጣ።

የጥገና ሠራተኛው የብረት መቁረጫ ይዞ ሲመጣ ሚስተር ፔልቲየር መንገዱን ዘጉበት።

«ይሄ ጓጉንቸር በእጅ የተቀጠቀጠ ነው። ነክተኸው እንዳላይ።»

«እሺ፣ ሳንቃውን ልሰንጥቀው።»

«እሱማ ጭራሽ አይሞከርም። በ1970ዎቹ የተሠራ ነው።»

«ታዲያ ጥንታዊ አይደለማ።»

«አሁን ሆኗል።»

ከጎረቤት ከተማ ቁልፍ ሠሪ ተጠራ። ሥራ ላይ ስለሆነ ወደ ማታ እንደሚደርስ ተናገረ።

አንዲት ልጅ የበቆሎ ዳቦ ቆርሳ ወደ ዳይሬክተሩ አፍ አስጠጋች፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የፖም ጭማቂ በቀሰም ቀረበላቸው፤ እሱንም እምቢ አሉ።

«በልጆች ፊት ላለመዋረድ ነው» አሉ ሚስስ ጋርላንድ በአድናቆት። «እንግዲህ ውሳኔዎን እዚያው ሆነው ይንገሩን።»

«እምም» አሉ ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

«የታሰረ ሰው እንዴት ይፈርዳል?» ብለው ተቆጡ ሚስተር ፔልቲየር።

ሚስስ ጋርላንድ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ቁልፉ የነበረው አንቺ እጅ ነው። ዛሬ ውሳኔ ባይሰጥ የምትጠቀመውስ ማን ናት?»

ሚስተር ፔልቲየር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጠበቃዋ ነበሩ። ጓጉንቸራቸውን አዩ፣ እሷን አዩ። «እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር» አሉ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ዳርንሊ አይታ አታውቅም።

ሚስ ትሪፕ ዳይሬክተሩ ፊት በርከክ አለች። «ሚስተር ኤልስዎርዝ፣ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው አይተዋል። እባክዎ አንድ ቃል ይበሉልኝ።»

የዳይሬክተሩ ጉንጭ ቀላ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቃል ግን አልወጣቸውም።

«አንጀት ይበላሉ» አለች አንዲት እናት።

«እሷ ካልሆነች ልጁ ነው፤ ከትምህርት ቤት ይባረራ» አለ ሌላ ወላጅ። ኮልቢ ወደ ሚስ ትሪፕ ተጠጋ።

ሚስ ትሪፕ ብድግ አለች። «ልጁን ተዉት። የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ዳርንሊ ውስጥ ነገር ሁሉ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እጅ እየወጣ በድምፅ ብልጫ ነው የሚያልቀው። እጅ ወጣ፦ በዓሉ ይቀጥላል፣ ግንዱ ከበዓሉ ይወጣል፣ ሚስ ትሪፕ ትሰናበታለች። ሁሉም የድርሻውን አገኘ። ድምፅ ያልሰጡት ዳይሬክተሩ ብቻ ናቸው፤ እጃቸው ታስሯል።

ሚስ ትሪፕ የጥንት ሴቶችን ነጭ ቆብ ከራሷ አውልቃ ቅቤው አጠገብ አስቀመጠች። ኮልቢን ራሱን ዳበሰችውና ወጣች። ታሳዝን ነበር። ወላጆቹም በሰላም ስላለቀ እየተመሰጋገኑ ኬክ ወደ ቀረበበት ምግብ ቤት ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ ሚስተር ኤልስዎርዝ ግራና ቀኝ ተመለከቱና ቁልፉን ከጉንጫቸው ወደ ቀኝ መዳፋቸው ተፉት።