ባለ ጠጉሩ ቦት

የግራውን ቦት ገልብጬ ሳየው የሱቁ ወረቀት ሶሉ ላይ እንደተለጠፈ ነው። የቀኙንም ገለበጥኩ። ያው ነው። አንድ ጭረት፣ አንዲት የጭቃ ምልክት የለበትም።

መውጫው በር አጠገብ ተንበርክኬያለሁ። እናቴ ካፖርቷን ለብሳ፣ በካልሲዋ ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሐይቁ ዳር በእግራችን ልንንሸራሸር ነው። ወንድሜ ውጭ ከመኪናው መስታወት ላይ በረዶ እየፋቀ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ስንመለስ የምንበላውን የፖም ኬክ ከኦቭን እያወጣች።

ባለ ጠጉሩን ቦት የላክሁት እኔ ነኝ፤ ከሦስት ወር በፊት፣ ብርዱ ሲጀምር። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ አንድ ፎቶ ይደርሰኛል፦ እናቴ ቦቱን አጥልቃ፣ የተከፈተው በር ሥር ምንጣፉ ላይ ቆማ፣ ከኋላዋ በረዶ። የወንድሜ ሚስት ከሥሩ «እማማ ለሽርሽር ሲወጡ» ብላ ትጽፍበታለች። እኔ ሞኟ ደግሞ ለመሥሪያ ቤቴ ሰው ሁሉ ሳሳይ ከረምኩ።

ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ምን እደብቃለሁ፣ ከንዴቴ ደስታዬ በለጠ። የእናቴን ክፍል ቀለም አስቀብቼ፣ አልጋዋን አንጥፌ ነበር የመጣሁት። ይዣት የምሄድበት ሰበብ ግን ሦስት ቀን ፈልጌ አጣሁ። እዚህ ቤት ሁሉ ነገር የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ በሰዓቱ የሚቀርብ ነው። መድኃኒቷ እንኳ በየቀኑ ተከፋፍሎ በትንንሽ ሳጥን ተቀምጧል። እንከን የማይወጣለት ሰው ደግሞ ሲፈጥረኝ አልወድም።

«ነይ እስቲ አንቺ!» አልኩ ወደ ማእድ ቤቱ።

ትኩሱን የኬክ ፓትራ በፎጣ ይዛ መጣች። «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?»

ከገባሁ ጀምሮ አንቱ ነው የምትለኝ። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ አጥር ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» ሶሉን አፍንጫዋ ሥር ደቀንኩት።

«ጫማ ነዋ፣ እትዬ።»

«በየእሁዱ ሽርሽር ይወጣበታል የተባለው ጫማ? ሦስት ወር ሙሉ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ስትዋሺኝ! በር ላይ አቁመሽ ፎቶ ታነሻትና መልሰሽ ትቆልፊባታለሽ፣ አይደል?»

ፊቷ ዓመድ መሰለ። እናቴን አየቻት፤ እናቴም እሷን። ያ አስተያየት ከውሸቱ ይልቅ አንጀቴን አሳረረው፤ እኔ የማላውቀው ነገር በመሃላቸው አለ።

«ኬኩ ሳይቀዘቅዝ ልሸፍነው» አለች።

«ኬክሽ ገደል ይግባ! አሠራሩንም ቢሆን ከእሷ ነው የወሰድሽው።» ወደ እናቴ ዞርኩ። «እማዬ፣ ነገ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። ልብስሽን ዛሬውኑ እንሸክፋለን። አለቀ።»

እናቴ እግሯን ዘረጋችልኝ። «እስቲ አጥልቂልኝ።»

ጣቶቿ ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለ። ገፋሁት። ዚፑን እስከ ታች ከፍቼ ደግሜ ገፋሁት። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች።

«ካልሲው ወፍራም ሆኖ ነው» አልኩ።

«ያለ ካልሲም ሞክረነዋል።»

«ቁጥሩማ ልክ ነው! የኔና ያንቺ እግር አንድ አይደል እንዴ? ጫማሽን እየወሰድኩ ስትቆጪኝ አልነበር?»

«እሱማ ሃያ ዓመት ሆነው» አለች እናቴ። «እግሬ ካበጠ ስንት ጊዜው። ፎቶው እስኪነሳ እንኳ ጣቴን አጥፌ፣ ዚፑን ከኋላ ከፍቼ ነው የምቆመው። ይቺ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ‹ጠቧቸዋል ብዬ ልንገራት› አለችኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄ የእናቷን እግር አታውቅም ይባልልኝ?»

ቦቱን ከጣቶቿ ላይ አወለቅኩት።

የወንድሜ ሚስት ፓትራውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ጎኔ ተንበረከከች፤ ቦታ እንድለቅላት በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝ። ከአግዳሚው ሥር አንድ ጥንድ ቡናማ ቦት ሳበች። ቆዳው የተሰነጣጠቀ፣ ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ፣ ጭቃው ገና ያልደረቀ የራሷ አሮጌ ቦት።

«ይግፉ፣ እማማ።»

የእናቴ እግር ሰተት ብሎ ገባ። የወንድሜ ሚስት ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ስትቋጥር እናቴ እጇን አናቷ ላይ ጣል አደረገች፤ የለመደ እጅ ነበር።

«ዝም ያልኩት ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለችኝ የወንድሜ ሚስት፣ ቀና ሳትል። «ለእሳቸው ብዬ ነው። ከዛሬ ወዲያ ፎቶ አልክም።»

ወንድሜ ውጭ ጥሩምባውን ነፋ። እናቴ ተደግፋት ተነሣች።

«ነገስ፣ እማዬ?» ድምፄ ልመና ሆነብኝ።

«ነገ ባቡርሽ እንዳያመልጥሽ» አለች። «ከኬኩ ትቋጥርልሻለች።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። በሩን አልዘጉትም፤ ብርዱ ፊቴን ገረፈኝ። የራሴ ጫማ ትናንት ማታ ብቻዬን ከወጣሁበት ሽርሽር ገና አልደረቀም፤ ማሞቂያው ሥር ውሃ ያንጠባጥባል። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ።

ወረቀቶቹን ከሶሉ ላጥኩ። አግዳሚው ላይ፣ እናቴ ካሞቀችው ቦታ ተቀምጬ እግሬን ከተትኩ። ዚፑ አንዴም ሳይዝ እስከ ላይ ወጣ።