ከመደብሩ ምስጢር የሚያወጣው ሰው

ወይዘሮ ኡሙልኸይር መናኸሪያ አካባቢ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መደብር አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን ያቆሙት በአንድ ተረት ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሽያጩን በግራፍ የሚያሳይ ሲስተም ካስገቡ ቆይተዋል። ግራፉን የሚያነብላቸው ግን የባላቸው የአጎት ልጅ፣ የሽያጭ ኃላፊው ዩኑስ ነበር። ዘንድሮ ኤልናታን የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አስጠሩ፤ እሱም ሲስተሙን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ጋር አገናኘላቸው። ኤልናታን ከቀጠሮው ዘግይቶ ነው የመጣው፤ እዚሁ ሰፈር ሌላ ሥራ ይዞኝ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከእንግዲህ በአማርኛ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ረዳቱ ሽያጩን አይቶ ይመክራል።

የመጀመሪያውን ምክር ወደዱት። ከከተማው ዳር፣ ቱላ በሚባለው ሰፈር፣ ቤት የሚሠራው ሰው በዝቷልና ለቱላ ገዢ ዕቃውን በነጻ አድርሱ ይላል። በማግስቱ ጠዋት ማስታወቂያውን በራፋቸው ላይ ለጥፈው ዞር ቢሉ፣ ከመንገዱ ማዶ ተፎካካሪያቸው ጋሽ ገብረጻድቅም ያንኑ ለጥፈዋል።

አጋጣሚ ነው ብለው አለፉት። የዘመን መለወጫው በዓል ፍቼ ሲቃረብ ረዳቱ በነጭ ቀለም ላይ ቅናሽ አድርጉ አለ። ማዶም ነጭ ቀለም ረከሰ። ምክሩን ያዩት እሳቸውና ዩኑስ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ዩኑስን በዓይነ ቁራኛ ይከታተሉት ጀመር። ስልኩ ሲጠራ ወደ ውጭ ይወጣል። አንድ ቀን ደግሞ ከገብረጻድቅ ጋር ቆመው ሲሳሳቁ አይተዋል። ዩኑስ ታሞ የቀረ ዕለት ረዳቱን ብቻቸውን ጠየቁ፤ ምክሩ በማግስቱ ማዶ ተለጥፎ ተገኘ። ይሄኛው ከሁሉም ባሰባቸው። ተኝቶም ይሰልላል ማለት ነው።

አስጠሩት።

«ሥጋዬ ነህ ብዬ ነበር» አሉት። «ምን ከፍለውህ ነው?»

«ወላሂ፣ እትዬ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ቁልፉን አስቀምጥና ሂድ።»

ዩኑስ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። እንባው እንዳይታይበት ፊቱን አዙሮ ነበር።

የገዛ ዘመዱ ያባረረውን ሰው ማን ያምነዋል? ሥራ የጠየቃቸው ነጋዴዎች ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡና ሸኙት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ቤት ኪራይ አለበት። በመጨረሻ የተቀበሉት ጋሽ ገብረጻድቅ ብቻ ሆኑ። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ወደ ማዶ ሲገባ ከበራፋቸው ቆመው አዩት። አላልኳችሁም አሉ ለጎረቤቶቻቸው። ጎረቤቶቻቸውም እውነትዎን ነው አሏቸው።

በመጀመሪያው የሥራ ቀን ጋሽ ገብረጻድቅ ዩኑስን ቢሯቸው ጠሩት። በሩን ዘጉና ኮምፒውተራቸውን እያመለከቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የቀጠርኩህ እዚያ ቤት ስለነበርክ ነው። ማታ ኤልናታን ከገጠመልኝ ከዚህ ረዳት ጋር የመከርኩትን ሁሉ ጠዋት ሴትዮዋም በራፏ ላይ ትለጥፈዋለች፤ እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ከእኔ ሠራተኞች ማን ነው የሚነግራት?»