ቦታ የሌለው ላፕቶፕ

ጠዋት ደጇን ጠረገች፣ ሻይ ጠጣች፣ የባሏን ላፕቶፕ ከፈተች። ማሻሻያ ለመጫን ቦታ የለም ይላል። ባሏን ሌቦች እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ደብድበው ገደሉት ከተባለ ሁለት ወር ሆነ።

የባሏ ታናሽ ወንድም አስናቀ ትርፍ ፕሮግራሞችን ሊያጠፋላት መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ላፕቶፕ ነው ወይስ የቆራሌው ጆንያ?» ብሎ ሳቀ። ጨዋታውን፣ ካርታውን፣ የአየር ጠባዩን «ይጥፋ?» እያለ አንድ በአንድ ጠየቃት። ድምፅ መቅጃውን ግን ሳይጠይቃት አጠፋው።

«ቦታው ያው ነው እኮ» አለችው።

«ጠፍቷል አልኩሽ!»

«ፕሮግራሙ ቢጠፋም የተቀዳው አይጠፋም» አለችና ከሁሉም የገዘፈውን ፋይል ፈልጋ አገኘች። ባሏ በሞተበት ቀን የተቀዳ ነው።

«አትክፈቺው!»

ከፈተችው። ዱላ አጥንት ሲሰብር ተሰማ። ከዚያም የባሏ ድምፅ፦ «አስናቀ፣ በእናታችን! ተው!»

አስናቀ ላፕቶፑን አንስቶ አገጯን መታት። ደገማት። ጎረቤቶች በሩን ሰብረው ሲገቡ በቻርጀሩ ገመድ አንገቷን አንቆ ይዟት ነበር፤ በሕይወት አስጣሏት።

ፖሊስ ከተሰባበረው ላፕቶፕ ውስጥ ዲስኩን ፈትቶ ወሰደ። የባሏ ድምፅ የነበረው እዚያ ላይ ብቻ ነው። አሁን ቤቷ ውስጥ የለም።