መሪዋ የሚጮኽ መኪና

መኪናዋ ከፒያሳ ታጥፋ ወደ ጋራዡ ስትገባ መሪዋ ሲጥጥ አለ። መካኒኩ በላይነህ ድምፁን አወቀው። ባለፈው ጥቅምት ታናሽ ወንድሙን ታምሩን ይዛ የሄደችው መኪና ከደጃፋቸው ስትዞር እንዲሁ ጮኻ ነበር።

«ይህን ጩኸት አጥፋልኝ» አለው ካድሬው ከመሪው ሳይነሳ።

በላይነህ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ተጋደመ። «እስቲ ወደ ግራ ያዙሩት፣ ጓድ።» የመሪው መገጣጠሚያ ግራሶ ደርቆበት ብረት ከብረት ይፋቃል። ስለ ታምሩ ሊጠይቅ ፈለገ፤ ግን የግራሶውን ጣሳ ሳበ። ግራሶውን ሞልቶ፣ ብሎኑን አጥብቆ ወጣ።

ካድሬው መሪውን ደጋግሞ አዞረ፤ ድምፅ የለም። «ጎበዝ ነህ። ልንይዛቸው የምንሄድ ሰዎች ከሩቅ እየሰሙን በጓሮ ያመልጡ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ከሰፈሩ ሰው በተወሰደ ቁጥር ጎረቤቱ «ኮሽታ እንኳ አልሰማንም» ይላል። በላይነህ ያኔ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ይከታል።