የትንሿን የሚያስንቅ ማጫወቻ

“የለም፣ ይሄ እህቴ ቤት ያለው ነው። ከሱ የሚበልጥ ነው ያልኩህ” አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ሻጩ ከመደርደሪያው ያወረደላትን ሦስተኛ የፊልም ዲስክ ማጫወቻ በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ።

ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ደንበኛ ሲመጣ የሚያወራው ስለ ሳሎኑ ስፋት ወይም ስለ ቴሌቪዥኑ መጠን ነው። ይህቺ ግን ከገባች ጀምሮ የምታወራው ስለ እህቷ ነው።

እውነቱን ለመናገር ፀጉር ሠሪዋ ፊልም አትወድም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ሶፋ ላይ ካረፈች ገና ሳይጀመር ነው እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ የሚወስዳት። ነገሩ ወዲህ ነው። ታናሽ እህቷ፣ ቤተሰቡ ሁሉ “ትንሿ” የሚላት፣ ሳሎኗን ሲኒማ ቤት ካደረገችው ወዲህ እናታቸው ቅዳሜ ጠዋት ወደዚያ ትሄድና ሰኞ ነው የምትመለሰው። ድሮ አንዱን ቅዳሜ እዚህ ታላቅየዋ ጋ፣ አንዱን እዚያ ነበረች። አሁን ታላቅየዋ ስትደውል “ፊልም ጀምረናል ልጄ” ትባላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ቴሌቪዥን ሲከፈት “ኧረ ቀንሱት” ስትል የኖረች ሴት፣ ዛሬ ፊልም ጀመረች። ታላቅየዋ ይህን ባሰበች ቁጥር ቆሽቷ ያርራል። ባለፈው እንዲያውም እያብሰለሰለች ፀጉር ስትተኩስ የአንዷን ደንበኛ ጆሮ ለብልባለች።

ስለዚህ ቆርጣ ተነሳች። የትንሿን የሚያስንቅ፣ እኔ ነኝ ያለ ማጫወቻ ትገዛለች። ዳኛዋ ራሷ እማዬ ትሁን ብላ ይዛት መጣች። እማዬም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሱቁ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

“ይሄ ፎር ኬ ነው” አለ ሻጩ አራተኛውን እያወረደ። “ዲስኩ ላይ ያለውን አንዲት ነገር ሳያስቀር ያወጣል። ጥቁሩ ጥቁር ነው።”

“የትንሿስ ጥቁሩ ጥቁር ነው?”

“እኔ የእህትሽን ቤት አላየሁም። ጎን ለጎን አድርገን እንያቸዋ።”

የሱቁ ልማድ ይህ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ቴሌቪዥኖች አሉ። ሻጩ የትንሿን ዓይነት ማጫወቻ ከግራው፣ አዲሱን ከቀኙ ጋር አያይዞ፣ ለሁለቱም ተመሳሳይ ዲስክ አጎረሳቸው። ባሕር መጣ፣ ዓሣ መጣ። ፀጉር ሠሪዋ አፍንጫዋ ቴሌቪዥኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች። በግራው ዓሣው ዓሣ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። በቀኙ ሌላ ነው።

“የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል እኮ!” አለች። በልቧ ደግሞ ‘ትንሿ አለቀላት’ አለች። “እማዬ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ። የቱ ይሻላል?”

“ሁለቱም ያምራል ልጄ።”

“እንዲህማ አይሆንም። አንዱን ምረጪ።”

በዚህ መሃል ሻጩ የግራውን ዲስክ ሊያወጣ ጎንበስ ብሎ ማጫወቻውን አጥፍቶት ነበር። የግራው ቴሌቪዥን ድርግም ብሏል። እናትየዋ ጥቂት አሰበችና በጣቷ ወደ ግራ ጠቆመች።

“ይሄኛው። እንዳልሽው ቅርፊታቸው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል።”

ሻጩ ቀና አለ። የጠቆረውን ቴሌቪዥን አየ፣ አሮጊቷን አየ፣ ከዚያ “ካርቶኑን ላምጣ” ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ፀጉር ሠሪዋ ወደ እናቷ ወንበር ሄደች።

“እማዬ” አለች እግሯ ሥር ቁጢጥ ብላ። “አታይም እንዴ?”

እናትየዋ ቦርሳዋን አስተካከለች። “የፀሐይ ብርሃን አያለሁ። መስኮት የቱ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። አንቺንም በፀጉር ቅባትሽ ሽታ አውቅሻለሁ። ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይሻልሽም ብሎኛል፣ እሱን ተይው።”

“ታዲያ እዚያ ቤት ምኑን ነው የምታዪው?”

“እኔ ምን አያለሁ? እሷ ናት የምትነግረኝ። አጠገቤ ቁጭ ትልና ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ለብሳለች፣ አንድ ሳይቀር።”

“ለሷ ነግረሽ እኔን ደበቅሽኝ?” አለች ፀጉር ሠሪዋ። በዚህ ሰዓት እንኳን መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ይህ ነው።

“ለማንም አልነገርኩም። ራሷ ናት የደረሰችበት።”

ይህ ከሁሉ ባሰ። ብትነግራት ኖሮ አድልዎ ነው ብሎ ማኩረፍ ይቻል ነበር። ትንሿ ግን ማንም ሳይነግራት አወቀች። ታላቅየዋ ደግሞ ገና ባለፈው ሳምንት ይህንኑ የእማዬን ፀጉር አጥባ ሠርታ፣ እናቷን መስታወት ፊት አስቀምጣ “እንዴት ነው?” ብላ ነበር። “ቆንጆ ነው” ስትባልም አመስግና ነበር።

ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። የቀኙ ቴሌቪዥን አሁንም ባሕሩን ያሳያል።

“ዓሣ ነው” አለች።

“እሺ።”

“ትልቅ ዓሣ።” ወደ ቴሌቪዥኑ አንገቷን አሰገገች። “ሌላ ዓሣ መጣ።”

“ትንሿም መጀመሪያ እንዲህ ነበረች” አለች እናትየዋ። “ ‘ሰውዬው መጣ፣ ሰውዬው ሄደ’ ብቻ።”

እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ፀጉር ሠሪዋን ደስ አላት።

“ስንት ጊዜ ፈጀባት?”

“ወር ያህል።”

ፀጉር ሠሪዋ ወንበሯን ይበልጥ አስጠጋች። “ብርቱካንማ ነው። ጎኑ ላይ ነጭ መስመር አለው። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ቁርጥ ያቺን ወሬኛ ጎረቤትሽን።”

እናትየዋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

“ትንሿ እንዲህ ታስቅሻለች?”

“አንቺ ልጅ፣ ዓሣውን ንገሪኝ።”