ያልተጋገረችው ሙሽሪት

እትዬ ዳሲቱ ነጩን ክሌይ፣ ያንን እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ በኦቭን የሚጠነክረውን፣ በጣታቸው እያሳሱ ትንሿን የክሌይ ሙሽሪት ቬሎ ያለብሷታል። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። ከጎኗ ሙሽራው በጥቁር ሱፉ ቆሟል፤ ከኋላቸው የአቃቂ ባቡር ሐዲድ በክሌይ ተሠርቷል። ተጋግሮ ሲጠነክር መዳፍ በምታህል ፍሬም ገብቶ ለወንድማቸው ልጅ የሰርግ ስጦታ ይሆናል። ገና ሽማግሌ ሳይላክ ስጦታ መጀመራቸው ያስቀኛል።

«ጠጄ፣» ይሉኛል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጁ ወዷታል። ሽማግሌ የምንልከው እሁድ ነው። አንቺ ጎረቤታቸው ነሽና፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት?»

በአገጫቸው የሚያሳዩኝ ሩትን ነው። የቀበሌው አዳራሽ ጥግ፣ ከእጅ ሥራ ማኅበራችን ኦቭን አጠገብ ተቀምጣ የሁላችንንም ሥራ እንዳያርርብን ትጠብቃለች። ክፉ ነገር ፈልጌ አጥቼባታለሁ። ጥፋቷ የየሺሐረግ ልጅ መሆኗ ነው።

ለእኔም አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሊላክ ነበር። የልጁ ዘመዶች አስቀድመው ጎረቤት ጠየቁ፤ ጎረቤቴ የሺሐረግ ነበረች። «ልጅቷስ ጥሩ ናት፤ ግን…» አለችና ሻይ ልቅዳላችሁ ብላ ተነሳች። በቃ፣ ይኸው ነው። የቀረውን እነሱ ሞሉት። አንዱ በሽታ አለባት አለ፣ ሌላው ደብቃ የወለደችው ልጅ አለ አለ። ሽማግሌ ሳይመጣ ቀረ፤ እኔም ቀረሁ። የሺሐረግ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉንጬን አገላብጣ ትስመኛለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ልቤ ይመታል። በደስታ ነው፣ አልዋሽም።

«ልጅቷስ ጥሩ ናት፣» እላለሁ። «ሥራ ወዳድ ናት፣ ሰው ታከብራለች። ግን…»

«ግን ምን?»

«ይተዉት እትዬ ዳሲቱ። የሰው ልጅ ናት፤ እኔ ምን አገባኝ።»

እጃቸው ይቆማል። ሩትን ያያሉ፣ መልሰው እኔን ያያሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የያዝኩትን ክሌይ አሻለሁ። አንድም ውሸት አልተናገርኩም፤ የሺሐረግም አልዋሸችም ነበር።

ሩት ትሪዋን ይዛ ትመጣለች። ፊቷ በኦቭኑ ሙቀት ወዝቷል።

«እትዬ ዳሲቱ፣ የእርስዎ ይግባ?»

«ቆይ የኔ ልጅ፣ አልጨረስኩም።»

ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ታልፋለች። ጀርባዋን ስትሰጠን እትዬ ዳሲቱ ሙሽሪቷን ከሙሽራው ጎን በጥፍራቸው ፈልቅቀው ያነሷታል። ክሌይ እስካልተጋገረ ድረስ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። በሁለት መዳፋቸው መሃል ያድቦለቡሏታል፤ ቬሎዋ፣ ፀጉሯ፣ ጠይም ፊቷ ይቀላቀልና አንዲት ዳለቻ እንክብል ትሆናለች። እኔ ፊት ያስቀምጧታል።

«ነጭ ተርፎሻል?» ይሉኛል።

ተርፎኛል። ቆርሼ እሰጣቸዋለሁ።