ከሞተሩ ሥር የተጋደመው ሹፌር

«ዓይኑን እንኳ ላላየሁት ሰው ልጄን አልሰጥም!» አሉ ጡረተኛው የአውሮፕላን መካኒክ።

ሽማግሌዎቹ፣ «ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል እንዴ? ወጉ አይደለም» ቢሏቸውም አሻፈረኝ ብለው ወደ ግቢ ወጡ። ሽማግሌዎቹን ያመጣው ሹፌር ጥግ ላይ ከተቀመጠው አሮጌ የአውሮፕላን ሞተር ሥር ተጋድሟል።

«አባባ፣ ይሄ ሞተር እኮ ላዩ ላይ የተለጠፈው ታርጋ እንደሚለው ቀድሞ የወጣው ዓይነት አይደለም!» አለ እየተፍነከነከ። «ገላው ላይ የተመታው ቁጥር በኋላ የወጣው ዓይነት ነው ይላል፤ ይቺ ጉብታም ትመሰክራለች!»

መካኒኩ በደስታ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ይህንኑ ስንት ዓመት ሲናገሩ ሰሚ አላገኙም፤ ሚስታቸው እንኳ ሞተሩ ላይ ልብስ ያሰጡበታል።

«ሰማችሁ?» አሉ ተከትለዋቸው ወደ ወጡት ሽማግሌዎች ዞረው። «ልጄን ብሰጥ ለዚህ ሹፌር ነው እንጂ ለእናንተ ልጅ አልሰጥም!»

ልጅቱ ከጓዳ እልል አለች። ሹፌር መስሎ የመጣው ሙሽራም ዘይት የነካ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ጎንበስ አለና የአማቱን ጉልበት ሳመ።